በትንሽ መብራት ዳገት መውጣት

ጄኔሬተሩ መጀመሪያ አቃሰተ፤ ቀጥሎ ጥቁር ጭስ ተፋ። የጥበቃ ቤቱ አምፖል ደብዝዞ ቀላ፣ የሞተሩ ማብሪያ ኮንታክተር «ጧ» ብሎ ለቀቀ፣ ካባው ጭር አለ። 300 ሜትር የሚረዝመው ኮንቬየር ስንዝር አልተንቀሳቀሰም። ይሄኔ ስድስት ወጣቶች ማንም ሳያዛቸው አካፋቸውን አንስተው ወደ ቀበቶው ወጡ። ለካ ልማድ ሆኗል። ማሽኑ ከነጭነቱ በቆመ ቁጥር ድንጋዩን በአካፋ ያወርዱታል፤ ባዶው ቀበቶ ሲነሳላቸው ያወረዱትን መልሰው ይጭኑታል። 10 ቶን ገደማ ነው። የዚያን ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው።

ቦታው ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለ የድንጋይ ካባ ነው። የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ቢሆንም ነገሩ ገረመኝና የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን «ጄኔሬተሩ አንሷችሁ ነው?» አልኩት።

«ለመሄድ ይተርፋል፤ ለመነሳት ነው ያነሰው» አለኝ። ግራ እንደገባኝ ሲያይ ሳቅ ብሎ ጨመረበት፦ «አያቴ ከተነሱ ገበያ ደርሰው ይመለሳሉ እኮ። ችግራቸው ከመደብ መነሳቱ ነው።»

መብራት በበቂ በማይደርስበት ማዕድን ማውጫ ኮንቬየር ስለመትከል ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትም ሆነ ባለሙያዎች ያጫወቱኝ ሁሉ የዚህ ሰው አነጋገር ማብራሪያ ሆኖ ነው ያገኘሁት።

ማሽኑ ራሱ ሲያዩት የዋህ ነው። በሁለት ፑሊዎች መካከል የተወጠረ ማለቂያ የሌለው የጎማ ቀበቶ፣ ከሥሩ በየሜትሩ ወይም በየሜትር ተኩሉ የሚሸከሙት ሮለሮች፣ አንዱን ፑሊ የሚያዞር ሞተርና ጊርቦክስ፣ ቀበቶው እንዳይላላ ደግሞ አንድ መወጠሪያ። መካኒኮቻችን የመኪናውን ቀጭን ቀበቶ ከጣሊያን በወረሱት ቃል «ቺንጋ» ይሉታል፤ ይህኛው የዚያው ዘመድ ነው፣ ስፋቱ 80 ሳንቲሜትር ሆነና አለት ተሸከመ እንጂ። የላይኛው ገጽ ጭነቱን ይዞ ይሄዳል፣ የታችኛው ባዶውን ይመለሳል።

አለት መሸከም የጀመረበት ታሪክ አንድ ምፀት አለው። እ.ኤ.አ. በ1891 ቶማስ ሮቢንስ የተባለ ወጣት አሜሪካዊ፣ ኒው ጀርሲ ኦግደንስበርግ ውስጥ ወደነበረው የብረት ማዕድን ማበልጸጊያ ጎራ ይላል። የድርጅቱ ባለቤት የአምፖሉ ሰው፣ ቶማስ ኤዲሰን ነበር። ሮቢንስ ያየው ማዕድኑን የሚያመላልሱት ቀበቶዎች ላይ ላዩን እየተበሉ በአጭር ጊዜ ሲጣሉ ነው። ውስጣቸው ደኅና፣ ፊታቸው ግን ያለቀ። ፊቱን በወፍራም ጎማ ሸፈነው፣ ሮለሮቹንም ቀበቶው እንደ ገበታ ጎድጎድ እንዲል አድርጎ አቀናጃቸው። በ1900 የፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርዒት ላይ የተሸለመው ይህ ሥራው ነው። በ1905 ደግሞ ሪቻርድ ሳትክሊፍ ቀበቶውን ከመሬት በታች፣ ወደ ከሰል ማውጫ አስገባው። ከዚያ በኋላ የሆነው ማደግ ብቻ ነው። በምዕራብ ሰሃራ ከቡ ክራ እስከ አትላንቲክ ዳርቻ ፎስፌት የሚያመላልሰው መስመር 98 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ነጩ ዱካው ከሕዋ በተነሱ ፎቶግራፎች ላይ ሳይቀር ይታያል።

አሁን «መብራት ከሌለ ለምን በገልባጭ አያመላልሱትም?» የሚል ይኖራል። እኔም ብያለሁ። መልሱ ክብደት ላይ ነው። 100 ቶን የሚጭን የማዕድን ገልባጭ ባዶውን 70 ቶን ገደማ ይመዝናል። ዳገት ሲወጣ 100 ቶን ማዕድን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ተሸክሞ ነው፤ ሲወርድ ደግሞ ያንን የወጣበትን ጉልበት በፍሬን አሙቆ ለነፋስ ይበትነዋል። የኮንቬየር ቀበቶ ግን ሲወጣም ሲወርድም እኩል ይመዝናል። የሚወርደው ወገን የሚወጣውን ይስበዋል፣ እንደ ጉድጓድ ውኃ መቅጃ ሁለት ባልዲ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ወደ ላይ የሚያነሳው የድንጋዩን ክብደት ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ሌላው ወጪው ሰበቃ ነው። ናፍታ በቦቴ በሚመጣበት ተራራ ላይ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

የካባውን ኮንቬየር በቁጥር እንየው። በሰዓት 200 ቶን፣ ርዝመት 300 ሜትር፣ ከፍታ 30 ሜትር። በሰከንድ 55 ኪሎ ተኩል ድንጋይ 30 ሜትር ለማንሳት 16 ኪሎ ዋት ገደማ ይበቃል። ይህንን ማንም ሊቀንሰው አይችልም፣ የመሬት ስበት ድርድር አያውቅም። ሰበቃው ሌላ ነው። ጭነቱ፣ ቀበቶውና የሚሽከረከሩት ሮለሮች ተደምረው በአንድ ሜትር 76 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናሉ። በደንብ በተተከለ መስመር ይህ ክብደት የሚፈጥረው ተቃውሞ የራሱን 2 በመቶ ያህል ነው፤ በመጫኛውና በፑሊዎቹ ላይ ያለው ሰበቃ ሲታከል 9 ኪሎ ዋት ገደማ። የጊርቦክሱ ብክነት ታክሎበት 28 ኪሎ ዋት ተኩል ላይ እንደርሳለን። የገበያው ቀጣይ መጠን 37 ኪሎ ዋት ሞተር ነውና እሱ ተገዛ። የካባው ጄኔሬተር ደግሞ ሰሌዳው ላይ 100 ኬቪኤ ይላል። ወረቀት ላይ ከሁለት እጥፍ በላይ ትርፍ አለ።

ወረቀቱ የማይናገረው መነሳቱን ነው። ይህ ዓይነቱ ተራ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር እየሠራ 70 አምፔር ገደማ ይጠጣል። በቀጥታ ከመስመሩ ጋር ሲገናኝ ግን ዞሮ ፍጥነቱን እስኪይዝ ድረስ ከስድስት እስከ ሰባት እጥፍ ይጎትታል፣ 450 አምፔር አካባቢ ማለት ነው። የ100 ኬቪኤ ጄኔሬተር ሙሉ አቅሙ 144 አምፔር ነው። ለጥቂት ሰከንድ ቢሆንም ከአቅሙ ሦስት እጥፍ ይጠየቃል። ቮልቴጁ ይወድቃል። እዚህ ላይ ክፉ ዙር አለ። የሞተሩ የመዞር ጉልበት ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይወርድም፣ በካሬው ነው የሚወርደው። ቮልቴጁ ወደ 80 በመቶ ሲወርድ ጉልበቱ 64 በመቶ ብቻ ይቀራል፤ ወደ 60 ከወረደ 36። ጉልበት ያጣ ሞተር አይነሳም፣ ያልተነሳ ሞተር ያንን ብዙ ከረንት መጎተቱን አያቆምም። የጥበቃ ቤቱ አምፖል የቀላው ለዚህ ነበር።

ከፍታው ደግሞ የራሱን ግብር ያስከፍላል። የጄኔሬተር ሰሌዳ የተጻፈው ለባሕር ወለል አካባቢ አየር ነው። ተርቦ የሌለው የናፍታ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። 2,600 ሜትር ላይ 100 የሚለው ጄኔሬተር 75 ገደማ ነው ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተሩም አይተርፍም። መደበኛው ደረጃ የተቀመጠለት እስከ 1,000 ሜትር ነውና ከዚያ በላይ ስስ አየር ስለማያቀዘቅዘው ሙሉ ጭነቱን ማሸከም ያስቸግራል። ደጋ አገር ሆነን ይህን ስሌት ከሻጭ ጋር ስንት ጊዜ እንደምናነሳ እንጃ። ያ ካባ አላነሳውም ነበር።

መፍትሔ ተብሎ መጀመሪያ የተሞከረው ርካሹ ነው፣ ስታር ዴልታ። ሞተሩን በአንድ ዓይነት ግንኙነት አስነስቶ ፍጥነት ሲይዝ ወደ ሌላው መገልበጥ። ከመስመሩ የሚጎተተው ከረንት ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ 450 የነበረው 150 ይሆናል። የመነሻ ጉልበቱም አብሮ ወደ ሲሶ ይወርዳል። ለውኃ ፓምፕ ወይም ለአየር ማራገቢያ ይህ ደኅና ነው፣ ሲነሱ ባዶ ናቸውና። 10 ቶን ድንጋይ ተሸክሞ ዳገት ላይ ለቆመ ቀበቶ ግን መነሻው ከመሄዱም ይብሳል፤ የቆመ ነገር ሰበቃው ይበረታል። ስድስቱ ወጣቶች አካፋ ይዘው የሥራ መደብ ያገኙት በዚህ ስታር ዴልታ ምክንያት ነው። ባዶውን ያነሳዋል፣ የተጫነውን አያነሳውም።

ሁለተኛው መንገድ የዘይት ፍሪሲዮን ነው። ሐሳቡ የጀርመናዊው የኸርማን ፈቲንገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1905 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው ለመርከብ ብሎ ነበር። በሞተሩና በጊርቦክሱ መካከል ብረት ከብረት አይነካካም፣ ዘይት ብቻ ነው ያለው። ሞተሩ ሲነሳ ባዶውን እንደሚዞር ነው የሚቆጥረው፤ ወዲያው ፍጥነቱን ይይዛል፣ የሚጎትተውም ከረንት ቶሎ ይወርዳል። ዘይቱ እየተገፋ ቀስ በቀስ ወዲያኛውን ወገን ያዞረዋል። መኪና ያሽከረከረ ሁሉ ይገባዋል፤ ፍሪሲዮን ረግጦ ሞተር ማስነሳት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መልቀቅ። የመጀመሪያው የከረንት ግፊት ከፍ ማለቱ ባይቀርም ያጥራል። ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ በማይገኝበት ቦታ ይህ ነገር ውዴ ነው፤ ዘይት ለውጦ ማኅተሙን ማየት ለማንኛውም መካኒክ አይከብድም።

ሦስተኛው ኢንቨርተር ነው። ቴክኒሻኖቹ «ድራይቭ» ይሉታል። የሞተሩን ፍጥነት ከዜሮ ጀምሮ ፍሪኩዌንሲውን እያሳደገ ያወጣዋል፤ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ይዞ ከመደበኛው ከረንት ብዙ ሳይርቅ፣ ቢበዛ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ እየጠጣ ይነሳል። ለዚያ ካባ 450 አምፔር የነበረው 100 አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። ዋጋው ይከብዳል፣ አቧራና ሙቀት ይፈራል፣ ከትንሽ ጄኔሬተር ጋር ሲኖር የኤሌክትሪኩን ሞገድ ስለሚያዛባ የጄኔሬተሩ ቮልቴጅ መቆጣጠሪያ እንዳይደናገር አብረው መመረጥ አለባቸው። ይህ ሁሉ ሆኖም፣ ኢንቨርተሩ ሳይገዛ ትልቅ ጄኔሬተር የተገዛባቸው ቦታዎች የከፈሉት ይበልጣል። ትልቁ ጄኔሬተር የሚያስፈልገው በቀን ለጥቂት ሰከንድ ነው፣ ናፍታ የሚጠጣው ግን ቀኑን ሙሉ።

ስለ ሽቦም አንድ ቃል። ጄኔሬተሩን ከጥበቃ ቤቱ አጠገብ አቁሞ ሞተሩን 600 ሜትር አርቆ መትከል የተለመደ ነው። በረጅም ኬብል ላይ 450 አምፔር ሲሮጥ መንገድ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ ጄኔሬተሩ ራሱ ከሚጥለው ጋር ይደመራል። ማስነሻውን ማለስለስ ካልተቻለ ቢያንስ ጄኔሬተሩን ወደ ሞተሩ ማቅረብ ይቻላል። ምንም ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል፤ ግን ማን ጩኸቱን አጠገቡ ይፈልጋል?

እስካሁን ያልነው ሁሉ ስለ ሞተር ነው። እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን የተከላው ነገር ነው፤ ምክንያቱም ያ 2 በመቶ የተባለው ሰበቃ በተፈጥሮ የተሰጠ ቁጥር አይደለም። በጥንቃቄ የተዘረጋ መስመር ወደ 1.6 በመቶ ያወርደዋል፤ ግዴለሽ ተከላ 3 በመቶ ያደርሰዋል፣ ከዚያም ያልፋል። በካባው ስሌት ይህ ከ7 ኪሎ ዋት ተኩል እስከ 14 ማለት ነው። በአንድ ማሽን ላይ ያለው ይህ ልዩነት የተራ መንደር መብራት ነው፣ የሚወሰነውም ሞተር አምራቹ ጋ ሳይሆን ሲባጎና ውኃ ልክ ይዞ መሬት ላይ በተንበረከከው ሰው እጅ ነው።

መጀመሪያ መሐል መስመሩ ይወጣል። ጥሩ ቀያሽ በመሣሪያ፣ መሣሪያ ከሌለ በተወጠረ ቀጭን ሽቦ። ከዚያ እያንዳንዱ የሮለር እግር ለመስመሩ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ትንሽ ያዘመመ ሮለር ይዞራል፣ ግን ቀበቶውን ወደ ጎን እየገፋ ነው የሚዞረው፤ ቀበቶው በላዩ ላይ ይንሸራተታል፣ ያ መንሸራተት የሚበላው ከሞተሩ ጉልበት ነው። ቀበቶው ወደ አንድ ወገን ሲሸሽ ብዙ ሰው የሚያደርገው ሌላ ሮለር አጣሞ መመለስ ነው። በሽታን በበሽታ ማከም። ቀበቶው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ሰበቃው ግን ሁለት ጊዜ ተከፍሏል።

ሮለሩን ከመትከል በፊት በእጅ አዙሮ ማየት ነው። ጥሩ ሮለር ጣት ሲነካው ይዞራል፣ ሲለቁት ትንሽ ቆይቶ ይቆማል። አንዳንዱ አዲስ ከካርቶን ወጥቶ ይከብዳል፤ ውስጡ ያለው ኩሽኔታ ግሪሱ በዝቷል ወይም የአቧራ መከላከያው ጠብቋል። በ300 ሜትር ላይ ከላይም ከታችም ሲቆጠር ከ800 በላይ ሮለር አለ። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ሲይዝ አስቡት። ወፍራም ሮለር ከቀጭኑ ይሻላል፣ ለዚያው ፍጥነት ያነሰ ዙር ይዞራልና።

ድንጋዩ በሚወድቅበት ቦታ ግራና ቀኝ የሚታሰረው የጎማ ቀሚስ ሌላ ሌባ ነው። ፍርፋሪ እንዳይወጣ እየተባለ ቀበቶው ላይ ተጭኖ ይታሰራል፤ ፍሬን ነው የሆነው። ቀበቶውን የሚያጸዳው መጥረጊያም እንዲሁ። መወጠሪያውን በብሎን ከማጥበቅ ይልቅ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የኮንክሪት ክብደት ይሻላል። ቀበቶው ሲረዝም ሲያጥር ክብደቱ አብሮ ይወርዳል፣ ይወጣል፤ ሰው ግን «ላልቶ እንዳይንሸራተት» ብሎ ብሎኑን ከሚገባው በላይ ያጠብቀዋል። ረጅምና ሜዳ በሆነ መስመር ደግሞ ትልቁ ሰበቃ ከዓይን የተሰወረ ነው፦ ጎማው በየሮለሩ ላይ ሲያልፍ በጭነቱ ተጭኖ ይሰረጉዳል፣ ሲመለስ ጉልበቱን ሙሉ በሙሉ አይመልስም። ለዚህ ተብለው የተቀመሙ ጎማዎች አሉ። ለ300 ሜትር ዳገት አያስፈልጉም፣ ለኪሎ ሜትሮች ግን ዋጋቸውን ይመልሳሉ።

ስለ ተከላ ስናወራ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ቀበቶው ተጠቅልሎ ይመጣል፤ ሁለቱን ጫፎች ማጋጠም የግድ ነው። ምርጡ ግጥም በማሞቂያ ፕሬስ 145 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሚጋገረው ነው፤ ፕሬሱ ግን ራሱ ብዙ ኪሎ ዋት ይፈልጋል። ኮንቬየሩን ለማንቀሳቀስ የማይበቃ መብራት ባለበት ቦታ ኮንቬየሩን ለመገጣጠም የሚሆን መብራት ፍለጋ ይጀመራል። ሽመና ላለው ተራ ቀበቶ ማምለጫ አለ፣ በማጣበቂያ በብርዱ ማያያዝ ወይም በብረት ክሊፕ መስፋት። ማጣበቂያው ጊዜና ንጹሕ እጅ ይጠይቃል። ክሊፑ ፈጣን ነው፣ ነገር ግን መጥረጊያውን እየመታ ያልፋል፣ ጥንካሬውም ያንሳል። ውስጡ የብረት ገመድ ያለው ትልቅ ቀበቶ ግን ከፕሬሱ አያመልጥም፤ ለዚያ ሥራ ብቻ ጄኔሬተር መከራየት ነው።

መስመሩ አንድ ኮንቬየር ካልሆነ፣ ሦስት አራት እየተቀባበሉ ከሆነ፣ የመነሳቱ ጉዳይ ወረፋ ይሆናል። ሲነሱ ከመጨረሻው ይጀመራል፤ የሚያራግፈው ይነሳል፣ ከዚያ ለእሱ የሚያቀብለው፣ እያለ ወደ ኋላ። በመካከል የሚሰጠው ጊዜ ጄኔሬተሩ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ነው። መብራት ጠፍቶ ድንገት ሲመለስ ሁሉም ኮንታክተር በአንድ ላይ እንዳይይዝ ማድረግ ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል። ሲቆሙስ? እዚህ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። መብራት ሲጠፋ ኮንቬየሮቹ በአንድ ቅጽበት አይቆሙም፤ ረጅሙና ሜዳው ተንደርድሮ ይቆያል፣ አጭሩና ዳገታሙ ወዲያው ይቆማል። ረጅሙ ለአጭሩ የሚያቀብል ከሆነ ድንጋዩ መጋጠሚያው ላይ ይከመራል፣ መውረጃውን ይደፍናል፣ አንዳንዴም ቀበቶውን ይቀዳል። መብራት በየሳምንቱ በሚጠፋበት አገር ይህ የስሌት ጌጥ አይደለም። አጭሩ ላይ ቮላኖ የሚባለውን ከባድ መንኮራኩር ገጥሞ ትንሽ እንዲንደረደር ማድረግ አንዱ ዘዴ ነው፣ ረጅሙን በፍሬን መያዝ ሌላው። ዳገት ላይ ያለው ደግሞ ወደ ኋላ እንዳይንከባለል የሚይዘው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር መያዣ ግድ ያስፈልገዋል። ያለ እሱ 10 ቶን ድንጋይ ቁልቁል ሲመጣ ቆሞ የሚያይ የለም።

የኃይል እጥረት የትንሽ ካባ ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2008 የደቡብ አፍሪካው የኤሌክትሪክ ድርጅት ኤስኮም አስተማማኝ ኃይል ማቅረብ እንደማይችል ሲያስታውቅ የአገሪቱ ትላልቅ የወርቅና የፕላቲነም ማውጫዎች ለቀናት ሥራ አቁመዋል። በ2024 ድርቅ የዛምቢያን የውኃ ኃይል ማመንጫ የሚመግበውን የካሪባን ሐይቅ ሲያጎድለው የዛምቢያ መዳብ አውጪዎች ከውጭ ኃይል ፍለጋ ገቡ። እኛ ጋ መልኩ ሌላ ነው። ጳጉሜ 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ተራራ ላይ ያለ ካባ የሚጎድለው ግን ማመንጫ ሳይሆን ወደ እሱ የሚወጣው ምሰሶና ሽቦ ነው።

ኃይል ለጠበበበት ሰው ሌላው ጥሩ መሣሪያ ክምር ነው። ድንጋይ ከሚሰባብረው ክሬሸርና ከኮንቬየሩ መካከል ጎተራ ወይም የድንጋይ ክምር ካለ ቀበቶው ክሬሸሩ በሠራ ቁጥር መሥራት የለበትም። ባዶ ቀበቶ በነጻ አይዞርም። በእኛ ምሳሌ ባዶውን ለማዞር ብቻ 5 ኪሎ ዋት ገደማ ይሄዳል። 2,000 ቶን ድንጋይ በ10 ሰዓት ሙሉ ጭኖ ማውጣትና በ20 ሰዓት ግማሽ እየጫኑ ማውጣት አንድ አይደለም፤ ሁለተኛው አንድ አምስተኛ ያህል የበለጠ ኃይል ይፈጃል። ስለዚህ አጠራቅሞ መጫን፣ ሌላው የኃይል ተጠቃሚ ባረፈበት ሰዓት።

እስካሁን ዳገት ስንወጣ ቆየን። ማዕድኑ ከላይ፣ ፋብሪካው ከታች ከሆነ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ጭነቱ ቀበቶውን ይጎትታል፣ ሞተሩ ወደ ማመንጫነት ይለወጣል። ቺሊ ውስጥ አንዲስ ተራራ ላይ ያለው የሎስ ፔላምብሬስ መዳብ ማውጫ 12.7 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም መስመር ማዕድኑን ወደ 1,300 ሜትር ያህል ቁልቁል ያወርደዋል፣ ሲያወርደውም መብራት ያመነጫል። ጃማይካ ደግሞ ከማውንት ኦሊፋንት ቦክሳይት የሚያወርደው ሮፕኮን የሚባለው ዓይነት አለ፤ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ቀበቶው የተንጠለጠለው በሽቦ ገመድ ላይ ነው፤ ኮንቬየርና ቴሌፈሪክ ተጋብተው የወለዱት በሉት። እ.ኤ.አ. በ1937 ከምፅዋ እስከ አስመራ 72 ኪሎ ሜትር ገደማ የተዘረጋውን የጣሊያኖቹን የሽቦ መጓጓዣ ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ መልኩ ይመጣለታል። የጃማይካው 3.4 ኪሎ ሜትር ሄዶ 470 ሜትር ይወርዳል፤ በሰዓት 1,200 ቶን ሲያወርድ 1,300 ኪሎ ዋት ገደማ ለመስመሩ ይመልሳል። መሬት ላይ ሺህ እግር መትከል ስለማያስፈልግም በሸለቆና በጫካ ላይ ያልፋል።

ይህን የሰማ ደጋ አገር ያለ ባለሀብት ዓይኑ ይበራል። ቆም ማለት ግን አለበት። ከታላቁ የአገር መስመር ጋር የተገናኘ ቀበቶ የሚመልሰውን መብራት የሚጠጣ ሌላ ሰው አለ። በናፍታ ጄኔሬተር ብቻ የሚኖር ማዕድን ማውጫ ውስጥ ግን የተመለሰው ኃይል የሚሄድበት ከሌለ ወደ ጄኔሬተሩ ይገባና እሱን እንደ ሞተር ይነዳዋል፤ መከላከያው ያጠፋዋል። ጄኔሬተሩ ሲጠፋ ቀበቶውን የያዘው ነገር ጠፋ ማለት ነው፣ ጭነቱ ደግሞ ወደ ታች መሄድ ይፈልጋል። ስለዚህ የተረፈውን ኃይል ወደ ሙቀት የሚለውጥ ማቃጠያ ሬዚስተር፣ ከዚያም መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚይዝ ፍሬን ያስፈልጋል። ፍሬኑ የሚለቀው መብራት ሲኖር፣ የሚይዘው መብራት ሲጠፋ መሆን አለበት። ተገልብጦ የተገጠመ ፍሬን ቁልቁል ኮንቬየር ላይ ከፍሬን አልባው አይሻልም።

ከስምንት ወር በኋላ በዚያው መንገድ ሳልፍ ካባው ጋ ቆምኩ። ኢንቨርተር ተገዝቷል፤ አቧራ እንዳይገባበት በተለሰነ ትንሽ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። ቀበቶው ከነጭነቱ ሲነሳ አየሁት። ድምፅ የለውም፣ እንደ ተኛ ከብት ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው። አምፖሉ አልቀላም።

ከስድስቱ ወጣቶች አንዱ አሁን ሥራው ሌላ ነው። አካፋውን ትቶ ጠመኔ ይዟል። ማለዳ ማለዳ ከመስመሩ ጫፍ እስከ ጫፍ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እየሰማ ይሄዳል፤ ሲጢጥ ሲጢጥ የሚለውን ወይም ጨርሶ የማይዞረውን ሮለር እግሩ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርግበታል፣ ማታ መስመሩ ሲቆም ይቀየራል። አብሬው ጥቂት ሄድኩ። አንዱ አጠገብ ቆመና ጆሮውን አቀረበ። እኔ ምንም አልሰማሁም።

«ይሄ ነው ናፍታ የሚጠጣው» አለና ምልክት አድርጎበት ወደሚቀጥለው አለፈ።